ከሐሙስ ጀምሮ አውቅ ነበር

እስከ ትናንት ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለአባቴ በስልክ አልነገርኩትም። በኅብረታችን የጸሎት ሰዓት ሰው ሁሉ የልቡን ሲያወጣ እኔ "ስለ ፈተናዬ ጸልዩልኝ" ብዬ ተቀምጫለሁ። ነገሩ በቀጥታ ለሚመለከተው ሰው እንኳ፣ በአንድ ክፍል ስናድር፣ በአንድ ሳህን ስንበላ፣ አልነገርኩትም። ሆኖም ይቅር ተብያለሁ። ይቅር ያሉኝ ምን እንዳደረግኩ ሳያውቁ ነው። ያን ይቅርታ አልፈልገውም። ይህን የምጽፈው ልመልሰው ነው።

እናንተ የምታነቡትም ቸኩላችሁ እንዳትምሩኝ። መጀመሪያ ስሙኝ።

ናትናኤል እባላለሁ። ጆሃንስበርግ ውስጥ የብረታ ብረት ምህንድስና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከፊት ወንበር የምቀመጥ፣ ርእስ በማስመሪያ የማሰምር፣ መምህሩ ሲቀልድ ባይገባኝም ቀድሜ የምስቅ ልጅ ነኝ። ትልልቅ ሰዎች ይወዱኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ሲጠይቀኝ ቀድሜ የማየው ፊቱን ነው፤ ምን ቢሰማ ደስ እንደሚለው ፊቱ ይነግረኛል፤ መልሱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ይህን ጨዋነት ይሉት ነበር። እኔም ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ወደዚህ አገር ያመጡኝ ዶክተር ሰለሞን ናቸው። የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ እዚህ ከተማ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሆነው ብዙ ዓመት ሠርተዋል። የትምህርቴን ወጪ ከፍለው የሚያስተምሩኝ እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ባይኖሩ እዚህ ወንበር ላይ አልቀመጥም። ዶክተር አንድ ፍቅር አላቸው፤ አሮጌ የጦር ጠመንጃ። ፈቃድ አውጥተው፣ በብረት ሣጥን ቆልፈው ይሰበስባሉ። አባታቸው በንጉሡ ዘመን ወታደር ነበሩ፤ ያኔ ትከሻቸው ላይ የነበረውን ዓይነት ጠመንጃ ዓመታት ሲፈልጉ ኖረው በመጨረሻ አግኝተዋል። ችግሩ፣ ጠመንጃው ሙሉ አልነበረም።

እኔ የምኖረው ቤሪያ በሚባል የከተማው ሰፈር ነው፤ ሊፍቱ ከቆመ ዓመታት ባለፉት ሕንጻ ሰባተኛ ፎቅ ላይ። ክፍሉን የተጋራሁት ከጋሽ ታምራት ጋር ነበር። ጋሽ ታምራት አርባ ዓመት ያለፈው የሆሳዕና ሰው ነው፤ በቶርኖና ሚሊንግ በሚሉት የብረት መፈልፈያ ማሽን የሚሠራ ሙያተኛ። መጀመሪያ እዚህ ሲመጣ ክሊፕታውን በሚባል የከተማው ዳር ሰፈር ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ የዘመዱን፣ ይጠብቅ ነበር፤ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ ያሳልፋል፤ ደንበኛው ሁሉ "ማይ ፍሬንድ" ይለዋል፤ ስሙን የሚያውቅ የለም። "አራት ዓመት ያለ ስም ኖርኩ" ይለኝ ነበር እየሳቀ። ከዚያ ጀርሚስተን ውስጥ አንድ የጠመንጃ ጥገና ቤት ሥራ አገኘ፤ ወደ ብረቱ ተመለሰ።

እኔንም ለቅዳሜ ሥራ እዚያ ያስገባኝ ጋሽ ታምራት ነው። ይህን ያዙልኝ። ያስገባኝ እሱ ነው።

የቤቱ ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው የአገሩ ነጭ ናቸው፤ ኡም ኮቡስ እንላቸዋለን። "ኡም" በእነሱ ቋንቋ አጎት ማለት ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው። ኡም ኮቡስ ብረትን በአውራ ጣታቸው ዳብሰው የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ በዚያን ጊዜ ግን ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ነበር። የእኔ ሥራ መጥረግ፣ ሰነድ መደርደር፣ ለእሳቸው ማንበብ፣ በእሳቸውና በጋሽ ታምራት መካከል ደግሞ ማስተርጎም ነበር። የጋሽ ታምራት እንግሊዝኛ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፤ ለዳቦና ለመልስ ይበቃል፤ ለብረት ክርክር አይበቃም። ሁለቱ በሥዕልና በእጅ ይግባቡ ነበር፤ ነገሩ ሲጠብቅ እኔን ይጠራሉ።

ስለ ሥራው ትንሽ ልበል፤ አለዚያ በደሌ አይገባችሁም። እነዚያ የጦር ጠመንጃዎች ከየአገሩ ሲሸጡ ብዙ ጊዜ ዋናው አካላቸው በእሳት ተቆርጦ ነው፤ እንደገና እንዳይተኮስባቸው። ያን አካል ሪሲቨር ይሉታል፤ እኛ የቃታ ቤት እንለው ነበር። አፈሙዙም ሰደፉም የሚያያዘው እሱ ላይ ነው፤ ጥይቱ ሲፈነዳ ጉልበቱን የሚሸከመውም እሱ ነው። ሰብሳቢዎቹ ሌላውን ሁሉ የዱሮውን ይዘው የቃታ ቤቱን ብቻ አዲስ ያስገቡለታል። አዲሱን የሚሠሩት ብዙ ናቸው። አንዱ ብረት አቅልጦ ቅርጽ ውስጥ ያፈሳል፤ ሌላው ከተቀጠቀጠ ጉማጅ ብረት ፈልፍሎ ያወጣል። ሲያዩአቸው ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ። ክፉውን ከደጉ መለየት ነው ሙያው። ካልተለየ ክፉነቱ የሚታወቀው ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ነው።

ኡም ኮቡስ የቃታ ቤት የሚያስመጡት ከባሕር ማዶ ነበር። ጋሽ ታምራት "እኔ እሠራዋለሁ" አለ። በኡም ኮቡስ ፈቃድ፣ በኡም ኮቡስ ሥዕል፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ከሚሊንጉ ሥር አልተነሣም። ቤት ሲመጣ እጁ ዘይት ዘይት ይሸታል፤ ሲጸልይ እንኳ ጣቶቹ አንድ ነገር የሚለኩ ይመስላሉ። ኡም ኮቡስ ቃል ገብተውለት ነበር፤ የቃታ ቤቱ ጥሩ ከሆነ የሰብሳቢዎቹ ማኅበር ያዛል፤ ማኅበሩ ካዘዘ ደግሞ "ይህ ሰው ላጣው የማልችለው ሙያተኛዬ ነው" የሚል ደብዳቤ ለኢሚግሬሽን ይፈርሙለታል። ጋሽ ታምራት በጥገኝነት ወረቀት ነበር የሚኖረው፤ በየስድስት ወሩ ተሰልፎ የሚያሳድሰው። በዚያ ወረቀት ሚስት ማምጣት አይቻልም። በሥራ ፈቃድ ግን ይቻላል። ሚስቱ አባይነሽ ሆሳዕና ናት፤ ልጁ ደግሞ ሲለያት በጀርባ የምትታዘል ነበረች፤ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች። እንግዲህ በአንድ የቃታ ቤት ላይ አንድ ደብዳቤ፣ በአንድ ደብዳቤ ላይ ሁለት ሰዎች ተንጠልጥለው ነበር። ይህን አላውቅም ነበር አልልም። ማታ ማታ የልጅቱን ድምፅ ከስልኩ የምሰማው እኔው ነበርኩ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሁለቱ የቃታ ቤቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። አንዱ ከባሕር ማዶ የመጣው ነው፤ በስፖንጅ የተሞላ ሣጥን አለው፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት አለው። ሌላው የጋሽ ታምራት ነው፤ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ። የትኛው ለጠመንጃቸው እንደሚገባ ለመወሰን ዶክተር ሰለሞን ራሳቸው መጡ። የጋሽ ታምራትን አንሥተው ገለበጡት።

"ይሄ የሆሳዕና ሥሪት ነው?" አሉ። "ታምራት፣ እንዳትቀየመኝ። ሐበሻ ሙቀጫ ይሥራ፤ የሚፈነዳ ነገር ለፈረንጅ ይተው።"

ጋሽ ታምራት እጁን በጨርቅ እየጠረገ "ዶክተር፣ እርስዎም ሐበሻ ነዎት፤ የሰው ሆድ ይከፍታሉ" አላቸው።

እኔ ሳቅኩ። ዶክተር ግን እንደ እኔ አልሳቁም። ወዲያው ሳቄን ዋጥኩት። ይህችን ትንሽ ነገር ለምን አነሣኋት? የዚያን ቀን የሆነው ሁሉ እዚህች ውስጥ ስላለ ነው። ሳቄን ለመዋጥ የፈጀብኝን ጊዜ ያህል እንኳ በኋላ አላሰብኩም።

ኡም ኮቡስ ሁለቱንም በአውራ ጣታቸው ዳበሱ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "ልጁ ይለካቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ነው ያለው" አሉ። ጥግ ላይ አንድ አሮጌ መለኪያ አለ። ሹል ጫፉ ብረቱ ላይ ይጫናል፤ ብረቱ ምን ያህል እንቢ እንዳለ መርፌው በቁጥር ያሳያል። ኡም ኮቡስ መርፌውን ማየት ከተዉ ቆይተዋል። እኔ ጥንቁቅ ልጅ ነኝ፤ እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ለካሁ። ከባሕር ማዶ የመጣው ሃምሳ ሁለት። የጋሽ ታምራት ሠላሳ አራት። በንጹሕ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ ሠርቼ ጻፍኩ፤ ከሥሩ በማስመሪያ አሰመርኩ።

እስከዚህ ድረስ አልዋሸሁም። ሃምሳ ሁለት ከሠላሳ አራት ይበልጣል።

ከዚያ ግን የዶክተርን ፊት አየሁ። ቁጥሩን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። እኔም ማንም ሳይጠይቀኝ ቀጠልኩ። የመጣው እጅግ የተሻለ ነው አልኩ። የእኛው ለስላሳ ነው አልኩ። ለጠመንጃ አይሆንም አልኩ። ማን ፍረድ አለኝ? አንብብ ነበር የተባልኩት። በየካቲት የጀመርኩት ትምህርት ገና ሁለት ወሩ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ዳኛ ተናገርኩ።

ጋሽ ታምራት አልተቆጣም። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በአማርኛ ቀስ አድርጎ ነገረኝ፤ አንድም ቃል አልረሳሁም። "ናቲ፣ እንዲህ በልልኝ። ያለሰለስኩት አውቄ ነው። እንቢ ብቻ የሚል ብረት ይሰበራል። ጥይቱ ሲፈነዳ ትንሽ ሰጥቶ ተመልሶ መቆም አለበት። ቁጥሩን ይተዉት በላቸው። ሁለቱንም በክር አንጠልጥለው በነሐስ ይምቷቸውና ድምፁን ይስሙ። ዓይናቸው ቢደክም ጆሯቸው አለ።"

ስለ ብረቱ ያለው አልገባኝም፤ እውነት ነው። ግን ለመተርጎም መግባት ነበረበት? ክር ምን እንደሆነ አላውቅም? ድምፅ ምን እንደሆነ አላውቅም? ዶክተር ሰዓታቸውን አዩ። እኔም ወደ ኡም ኮቡስ ዞሬ በእንግሊዝኛ ጥቂት ቃል ተናገርኩ። "የተቻለውን እንደሠራ ይናገራል" አልኩ።

ኡም ኮቡስ የጋሽ ታምራትን ትከሻ መታ መታ አድርገው ወደ ቢሯቸው ገቡ። ጋሽ ታምራት ቆሞ ጠበቃቸው። ክር ይዘው የሚመለሱ መስሎት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

"ነገርካቸው?"

"ነገርኳቸው።"

ይኸው። ነገርኳቸው አልኩ። ስድስት ሳምንት ጎንበስ ብሎ የቆመን ሰው፣ እዚያ ቤት በእጁ ይዞ ያስገባኝን ሰው፣ ዓይኑን እያየሁ ነገርኳቸው አልኩት።

ዶክተር በመኪናቸው እስከ ቤሪያ አደረሱኝ። እሳቸው ሁለቱንም ቋንቋ ሰምተዋል። መብራት ላይ ስንቆም "ጎበዝ፤ ሲተረጎም ማሳጠር ጥሩ ነው" አሉኝ። አመሰገንኳቸው። ይገርማችኋል፤ አመሰግናለሁ ነበር ያልኩት።

አሁን እናንተ ምን ልትሉ እንደሆነ አውቃለሁ። ልጅ ነው፤ አላወቀም፤ ቁጥር አንብብ ተባለ፤ አነበበ። ሁሉም የሚለኝ ይህንን ነው። እስከ ሐሙስ ድረስ ትክክል ናችሁ። ከሐሙስ በኋላ ግን አይደላችሁም።

ሐሙስ ዕለት ላቦራቶሪ ገባን። መምህሩ በትልቅ ክንድ ላይ የተንጠለጠለ መዶሻ አሳዩን። ሁለት ትንንሽ የብረት ዘንጎች ተራ በተራ አስቀመጡ። የመጀመሪያው በመለኪያው ከፍተኛ ቁጥር ያለው ነበር፤ መዶሻው ሲለቀቅ እንደ ብስኩት ቀጭ ብሎ ተሰበረ፤ መዶሻው ምንም እንዳልነካ አለፈ። ሁለተኛው ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነበር፤ ተጣመመ፤ ተሸከመ፤ መዶሻውን አቆመው። መምህሩ ጥንካሬ ሌላ ነው፣ ቻይነት ሌላ ነው፣ ድንገተኛ ምት የሚሸከም ዕቃ በመጀመሪያው ቁጥር ብቻ አይመረጥም አሉ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከሥሩ በማስመሪያ አሰመርኩበት። ደብተሩ አሁንም አለ፤ መስመሩ አልተንጋደደም።

ጋሽ ታምራት በነሐስና በክር የሚያውቀውን እኔ በመዶሻ ተማርኩት። እንቢ ብቻ የሚል ብረት ይሰበራል። ተሰበረ። አየሁት።

ያን ማታ ጋሽ ታምራት ሽሮ ሠርቶ ጠበቀኝ። "ዛሬ ምን ተማራችሁ?" አለኝ፤ ሁልጊዜ ይጠይቀኛል፤ ያልጨረሰውን ትምህርት በእኔ የሚጨርስ ይመስላል። "ሒሳብ" አልኩት።

ጊዜ አልነበረም እንዳትሉኝ። ኡም ኮቡስ ወረቀቴን ወደ ማኅበሩ የሚወስዱት በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ነበር። አርብ ነበረኝ፤ ቅዳሜ ነበረኝ። አርብ ምን ሆነ? አባቴ ደወለ። ዶክተር ደውለውለት አመስግነውኛል። "አኮራኸኝ" አለኝ አባቴ። አባቴ ይህን ቃል ከአሁን በፊት ብሎኝ አያውቅም። ቅዳሜ ምን ሆነ? ኡም ኮቡስ ሠንጠረዡን በኮምፒውተር በንጽሕና እንድጽፈውና ከሥሩ ስሜን ከነትምህርት ክፍሌ እንዳስገባ ነገሩኝ፤ ማኅበሩ ተማረ የሚባል ሰው ቃል ያምናል ብለው። ጻፍኩት። "ለጠመንጃ አይሆንም" የሚለውንም ጻፍኩ። ጋሽ ታምራት ከሦስት እርምጃ የማይበልጥ ርቀት ላይ ሞርሳ ውስጥ የሌላ ሰው ብረት አስሮ በሞረድ እያስተካከለ ነበር። የሞረዱን ድምፅ እየሰማሁ ጻፍኩት። ያን ቅዳሜ አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ከሐሙስ ጀምሮ አውቅ ነበር።

ማኅበሩ የመጣውን መረጠ። ደብዳቤው አልተፈረመም። ኡም ኮቡስ ክፉ ሰው አይደሉም፤ "የማላምንበትን እንዴት እፈርማለሁ" አሉ፤ ያንንም የተረጎምኩለት እኔ ነኝ፤ እሱን ግን ሳላሳጥር ተረጎምኩ። ከወር በኋላ የኡም ኮቡስ ዓይን ባሰና ሥራ ቀነሱ፤ ሚሊንጉን ሸጡት። ጋሽ ታምራት ልብሱን በሁለት ፌስታል፣ መለኪያዎቹን በአንድ የጫማ ካርቶን አድርጎ ሰባት ፎቅ ወረደ። እኔ ካርቶኑን ተሸክሜ አወረድኩለት። "ደህና ተማር" አለኝና ወደ ክሊፕታውን በሚሄደው ታክሲ ገባ። አሁን እዚያው ፍርግርግ ውስጥ ነው። ማይ ፍሬንድ ይሉታል።

በክረምቱ የዶክተር ጠመንጃ ተገጣጠመ፤ የኡም ኮቡስ የመጨረሻ ሥራ ነበር። አዲስ የቃታ ቤት የገባለትን ጠመንጃ መጀመሪያ በእጅ አይተኩሱም፤ አስረው፣ ከግድግዳ ጀርባ ሆነው፣ በገመድ ይስቡታል። በሦስተኛው ጥይት ተሰነጠቀ። ሰው አልተጎዳም። ዶክተር የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። ኡም ኮቡስ ስብራቱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱና "ስኳር" አሉ፤ ልክ እንደ ስኳር ፍርክስክስ ያለ ነበር። ከዚያ ዶክተር እስኪወጡ ጠብቀው በደበዘዘው ዓይናቸው ወደ እኔ ዞሩ።

"ያን ቀን ታምራት ረጅም ተናገረ፤ አንተ አጭር ተናገርክ" አሉኝ። "ዓይኔ ነው የታመመው። ምን ነበር ያለው?"

"አላስታውስም" አልኳቸው።

ያኔም ቢሆን ልናገር እችል ነበር። ሚሊንጉ ቢሸጥም እጃቸው ለመፈረም ገና ደህና ነበር። አላስታውስም አልኩ። እሳቸውም ቀስ ብለው "አንተ ተማሪ ነህ፤ ልታውቅ አትችልም" አሉኝ። እንዲህ ያለውን ምሕረት ነው እኔ የምጠላው።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ታምራትን መሸሽ ጀመርኩ። እሑድ ለአምልኮ ሲመጣ እኔ ከኋላ በር እወጣለሁ። የኅብረቱ ሽማግሌዎች አስተዋሉ፤ ተጣልተዋል ብለው አስቀመጡን። የእኛን ሽምግልና ታውቃላችሁ። ቁስል አይነካካም፤ ማን ምን አለ አይባልም፤ ሁለቱም ይነሡ፣ ይተቃቀፉ፣ ያልቃል። ጋሽ ታምራት ገና ሳይጠየቅ "እኔ በልጁ ቂም የለኝም" አለ። "ልጅ ነው። አንብብ አሉት፤ አነበበ። እኔም ያልኩትን ነግሮልኛል፤ ሰውየው ነው ያልሰማኝ።"

ነግሮልኛል አለ። በሰው ፊት መሰከረልኝ።

አፌን ከፈትኩ። "እኔ ግን ጋሽ ታምራት…" ብዬ ጀመርኩ። ሽማግሌው እጃቸውን አንሥተው "በቃ፣ በቃ፤ የተዘጋ ነገር አይከፈትም፤ ተነሡ፣ ሰይጣንን አሳፍሩት" አሉ። ተነሣሁ። ተቃቀፍን። ትከሻው አሁን የብረት ዘይት አይሸትም፤ ዳቦና ሳሙና ይሸታል። ዳቦ ቆረስን፤ ለስላሳ ጠጣን። እኔ ምን ተሰማኝ? ደስ አለኝ። አፌን ስላስዘጉኝ ደስ አለኝ። ከዋሸሁት ውሸት ሁሉ ይልቅ የማፍርበት ያ ደስታ ነው።

ስለዚህ አሁን እንቢ እላለሁ። ልጅ ነው አትበሉኝ። ወረቀት ላይ ስሜን ስጽፍ ልጅ አልነበርኩም፤ የትምህርት ክፍሌን ስጽፍ ልጅ አልነበርኩም። ይሉኝታ ይዞት ነው አትበሉኝ። ይሉኝታ ጋሽ ታምራትን ሳየው የት ሄዶ ነበር? ለሐኪም የሚሠራ፣ ለሱቅ ጠባቂ የማይሠራ ይሉኝታ ይሉኝታ አይደለም። ዶክተር ናቸው ጥፋተኛው አትበሉኝ። እሳቸው የራሳቸውን ለራሳቸው ይመልሱ፤ በእንግሊዝኛ የተናገረው ምላስ የእኔ ነው። ይህ ጽሑፍ እጃቸው ይገባ ይሆናል። ይግባ። ማስተማሩን ቢተዉም መብታቸው ነው፤ ያስተማሩኝ እውነት እንድናገርላቸው ካልሆነ፣ ትምህርቱ ለምን ይሆነኛል?

ለኡም ኮቡስ ትናንት በእንግሊዝኛ ጽፌላቸዋለሁ፤ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። ጋሽ ታምራት ያለውን ሁሉ፣ ክሩንም ነሐሱንም ጆሮውንም፣ አንድ ቃል ሳላስቀር ተርጉሜዋለሁ። ከሥሩ ያ ሠንጠረዥ ትክክለኛ ቁጥርና የተሳሳተ ፍርድ እንደያዘ፣ ስህተቱን አውቄ እንደጻፍኩት ጨምሬ፣ ስሜንና የትምህርት ክፍሌን አስገብቻለሁ። ደብዳቤ ለመፈረም ይረፍድ፣ አይረፍድ፣ አላውቅም። አስታወስኩ አልልም፤ ረስቼው አላውቅምና።

ይህኛው ጽሑፍ ግን የጋሽ ታምራት ነው። ቅዳሜ ክሊፕታውን እሄዳለሁ፤ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ በፍርግርጉ ቀዳዳ አሳልፌ እሰጠዋለሁ። ወረቀቱ ውስጥ ይቅርታ አድርግልኝ የሚል ቃል ፈልጎ አያገኝም፤ አልጻፍኩትም። አንድ ጊዜ አቅፎኛል፤ ያቀፈው ግን ያልነበረውን ልጅ ነው፤ ነግሮልኛል ብሎ የመሰከረለትን። ያን እቅፍ መልሼለታለሁ። እጁ ላይ ያለውን ብረት ክፉ ይሁን ደግ ከእኔ በላይ ያውቃል፤ አንጠልጥሎ ይምታኝና ድምፄን ይስማ። ያኔ የሚለውን ይበል።

ሳያይ ነበር የማረኝ። አሁን ይየኝ።